ጀማሪ ፎቶ አንሺ ትልቅ ካሜራ ያስፈልጋታል ወይ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በፎቶ ሥራ የምትተዳደር አባላችን ያደረገችው ንግግር)



የብድር ኮሚቴያችን ሰሞኑን ሦስት ማመልከቻዎች ቀርበውለታል። ሦስቱም ከወጣት አባሎቻችን የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ለካሜራ መግዣ ነው። «ሙያው ያንቺ ነው፣ እስቲ አስረጂን» ስለተባልኩ ነው የቆምኩት። ብድሩን መስጠትና መከልከል የኮሚቴው ሥራ ነው፣ እሱ ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ሣጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር እህት ከዕለት ገቢያቸው ቆንጥረው ያስቀመጡት ነው። ስለዚህ ካሜራ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አውቀን ብንወስን ደግ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ጀማሪ ትልቅ ካሜራ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ቀን ግን ይመጣል፤ ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ «ስልክሽ መቼ አነሰሽ» እያልን ልናሰናክላት አይገባም። ቁም ነገሩ ቀኑ መምጣቱን እንዴት እናውቃለን የሚለው ነው።

ፎቶ የሚሠራው ከብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ ደጅ የቆመች ሴት ዓይኗ ሥር፣ አፍንጫዋ ሥር፣ አገጯ ሥር ጥላ ያርፍባታል። ይህን ጥላ የቱንም ያህል ውድ የሆነ ካሜራ አያነሣላትም። እዚያው በረንዳው ጥላ ውስጥ አንድ እርምጃ ብታስገቧት ግን ፊቷ ወዲያው ይለሰልሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ሁላችንም የምናማርረው ደመና ለፎቶ አንሺ በረከት ነው፤ ብርሃኑን እንደ መጋረጃ አጣርቶ ያወርድላታል። ቤት ውስጥ ከሆነ መብራቱን አጥፍቶ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ይህን ለመማር የሚከፈል ብር የለም፤ ጊዜና ዓይን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው የእኛ አገር ጣጣ ነጠላ ነው። ስልክም ሆነ ትልቅ ካሜራ ከፊቱ ያለውን ብርሃን ወደ መካከለኛ ለማምጣት ተብሎ የተሠራ ነው። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ፎቶውን በነጭ ሲሞሉት «ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ጠይም የሆነው ፊታችን ደግሞ ይብሱን ይጠቁራል። በየክርስትናው በየምርቃቱ «ፎቶው አጠቆረኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ካሜራው ረከሰ ማለት አይደለም። ስልክ ላይ ፊቷን በጣት ነካ ማድረግ፣ ትንሿ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ትልቁ ካሜራ ላይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ማስተካከያ ይህንኑ ይሠራል። ከልክ ካለፈ ግን የጥበቡ ክር ይጠፋል፣ ጥልፉ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ጥቂት ማፍካት። ይህን የማታውቅ ልጅ ውድ ካሜራ ብትገዛ በውድ ካሜራ ታጠቁራለች።

«ስልክ እኮ ጥራት የለውም» የሚለውንም በቁጥር እንየው። ፎቶ ቤት ሄደን የምናሳጥበው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲወጣ 2 ሜጋፒክሰል ያህል ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 20 በ30 እንኳ የሚፈልገው 8 ተኩል ገደማ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ 12 እና ከዚያ በላይ አለው። ታዲያ ፎቶው ለምን ይደበዝዛል? አንደኛው ምክንያት ሌንሱ ነው፤ ዘይትና በርበሬ በነካ ጣት የተዳበሰ ሌንስ በጥጥ ጨርቅ ካልተጠረገ ጭጋግ ነው የሚያነሣው። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ፎቶ ስንልክ ቴሌግራም መጠኑን ይቀንሰዋል፣ ያንን የተቀነሰ ፎቶ ነው ብዙ ጊዜ ለፎቶ ቤት የምንሰጠው። «ፋይል» በሚለው በኩል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ጥልፍ፣ መሶብና ሽሮ በቴሌግራም የምትሸጡ እህቶች፣ ይህችን ያዙልኝ።

ይህን ስል ለማጽናናት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ግርማ በርታ የሚባል፣ ፎቶን በራሱ የተማረ ወጣት አለ። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው፣ ጫማ ጠራጊውን፣ ተሸካሚውን፣ ባለ ነጠላዋን እናት በአይፎን ስልክ እያነሣ፣ ከኋላቸው ያለውን ግርግር አውጥቶ በደማቅ አንድ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስ ከኢንስታግራም ጋር ሆኖ ከሚሰጠው ድጋፍ ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ፤ ገንዘቡ 10,000 ዶላር ነበር። ልብ በሉ፣ ስልክ ስለያዘ አይደለም የተሸለመው፤ ስልክ ሺህ ሰው ይይዛል። ሁላችንም በየቀኑ የምናልፋቸውን ሰዎች ቆም ብሎ ስላየ ነው። ያንን የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላገኘሁም።

እንዲያውም ትልቅ ካሜራ የሚያበላሽበት ቦታ አለ። ትልልቅ እናቶቻችን ያደጉት ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይስቁ መነሣትን አውቀው ነው። ትልቅ ሌንስ ሲደገንባቸው ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ መታወቂያ ፎቶ ይደርቃሉ። አራስ ጥየቃ ስንሄድ፣ ገንፎ እየተበላ ጨዋታው ሲደራ፣ ያንን ሳቅ በስልክ ካልሆነ በምን ታገኙታላችሁ? ሴት ፎቶ አንሺ ደግሞ ወንዱ የማይገባበት ጓዳ ትገባለች። ሙሽራ ሂና ስትቀባ፣ ሚዜዎቿ ሲያለብሷት፣ እናቷ ጥግ ይዛ ስታለቅስ፣ እዚያ ያለችው እሷ ናት። ይህ ከማንኛውም ካሜራ የሚበልጥ ካፒታል ነው፤ ልጆቻችን ገና በቅጡ አልተጠቀሙበትም።

ካዛንቺስን እዚህ ላይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሠፈራችን፣ ስሟን እንኳ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባለው ቤት ያገኘችው ካዛንቺስ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሠፈር ተበትነናል። ያን ሰሞን ዕቃ ሲጫን፣ ዕድርተኛው ሲሰናበት፣ ድንኳን ስንተክልበት የኖርንበት ግቢ ባዶውን ሲቀር ያነሣን ሁላችን ያነሣነው በስልክ ነው። ፎቶዎቹ ዘመዋል፣ አንዳንዶቹ ደብዝዘዋል። ግን አሉ። የዚያን ሳምንት ትልቅ ካሜራ እስክትገዛ የጠበቀች ብትኖር ኖሮ ዛሬ በጥሩ ካሜራዋ የምታነሣው አጥርና አዲስ አስፋልት ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሰሞን ፎቶ ስንቱ ዛሬ አለ? አንዷ ስልኳ ተሰርቋል፣ አንዷ «ሚሞሪው ሞላ» ብላ አጥፍታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ ወጥቷል። ከከተማችን ሰዎች አልበም ተሰብስበው የታተሙ የድሮ ፎቶዎች ናቸው፤ የሠርግ፣ የጓደኛሞች፣ የሽርሽር። እነዚያ ፎቶዎች ለዚህ የበቁት ታጥበው፣ አልበም ገብተው፣ ሣጥን ውስጥ ስለቆዩ ነው። በምን ካሜራ እንደተነሡ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ማኅበሩ ለፎቶ የሚያወጣው የመጀመሪያ ብር ለካሜራ ባይሆን እመርጣለሁ። አንድ ሃርድ ዲስክ ይገዛና የሁላችንም የካዛንቺስ ፎቶ ይሰብሰብ፤ ቅጂው ሌላ ቤት ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን ልምጣ፤ ስልክ የሚሸነፍበትም አለ። ካዛንቺስ የነበረውን የፈንድቃ አዝማሪ ቤት የምታውቁ፣ እስክስታው ሲጋል በደብዛዛው መብራት ፎቶ አንሥታችሁ ይሆናል። ምን ወጣ? ትከሻ ያለበት ቦታ ጭስ! ስልክ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው፤ የትልቁ ካሜራ ደግሞ በስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። መብራት ሲያንስ ትንሹ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፣ በዚያ መሀል የተንቀሳቀሰው ሁሉ ይደበዝዛል። የምሽት ሠርግ አዳራሽ፣ የሌሊት ማኅሌት፣ ከሩቅ የሚነሣ የምርቃት መድረክ፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ስልክ ይዞ ገንዘብ መቀበል ደንበኛን መበደል ነው። ሠርግ ደግሞ አይደገምም። (ሙሽሮቹን ሦስቴ ከመኪና የሚያስወርዱ ቪዲዮ አንሺዎች ይደገማል ይሉ ይሆናል።)

ስለዚህ ቀኑ መድረሱን የምናውቀው እንዲህ ነው። ልጅቷ «ካሜራ ቢኖረኝ ጥሩ አነሣ ነበር» ካለች ገና ነው። «ደንበኞቼ የምሽት ፕሮግራም ይጠይቁኛል፤ ይኸው ፎቶው፣ ይኸው የደበዘዘበት ቦታ፤ ሥራ እየመለስኩ ነው» ካለች ደርሷል። የመጀመሪያዋ ተስፋዋን ነው የምትነግረን፤ ሁለተኛዋ ብድሩ ከየት እንደሚከፈል ጭምር ነግራናለች።

ያኔም ቢሆን ከመግዛት በፊት መከራየት አለ። በከተማችን ካሜራ በቀን የሚያከራዩ አሉ፤ መታወቂያና ተያዥ ይጠይቃሉ። ለወጣት ሴት የሚከብደው ኪራዩ አይደለም፣ ተያዡ ነው። ማኅበራችን እዚህ ላይ ቢቆምላት ከብድሩ ባልተናነሰ ይረዳታል። ሁለት ሦስት ሥራ በኪራይ ከሠራች በኋላ የትኛው እንደሚስማማት ታውቀዋለች።

ስትገዛም ገንዘቡ ለካሜራው አካል ሳይሆን ለሌንሱ ይሁን። ከአዲስ ካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው ሌንስ ብርሃን አያስገባም ማለት ይቻላል። ቋሚ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሚል የተጻፈበት ሌንስ አለ፤ ከሌንሶች ሁሉ ከርካሾቹ የሚመደብ ነው። በዚያው ርቀት አብሮ ከሚመጣው ሌንስ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ያገለገለ አሮጌ ካሜራ ከዚህ ሌንስ ጋር፣ አዳራሽ ውስጥ ከአዲሱ ካሜራ ከነሌንሱ ይበልጣል። ነገር ግን ያገለገለ ሲገዛ አንድ የምታውቅ ሴት አብራ ትሂድ። ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርታ ሻጋታ እንደሌለው ትይ፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ይቅር። ስንት ጊዜ እንደተነሣበትም ትጠይቅ። ለጀማሪ የሚሠሩት ካሜራዎች ብዙዎቹ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲያነሡ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ 90,000 የደረሰውን «እንደ አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህች ከተማ ለፎቶ መድረክ ከሠሩት ውስጥ ሴቶች አሉበት። አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ናት፤ ማኅደር ኃይለ ሥላሴም በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ማዕከል አቋቁማለች። ሁለቱም ሰው የሌላውን ፎቶ አይቶ የሚነጋገርበትን ቦታ ነው የፈጠሩት። ጀማሪ ከካሜራ ይልቅ የሚጎድላት ይህ ነው፤ «ይቺኛዋ ጥሩ ናት፣ ያቺ ለምን ጨለመች?» የሚላት ሰው።

ለኮሚቴው የማቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። ከሦስቱ አመልካቾች አንዷ የምሽት ሥራ እየመለሰች መሆኗን በፎቶ አሳይታኛለች፤ ለእሷ ያገለገለ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ቢታሰብ፣ ግዥው ላይ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ሁለቱ ለሦስት ወር በስልክ የማኅበራችንን ዕቃዎች ያንሡ፤ የጥልፍ፣ የመሶብ፣ የበርበሬ፣ ለመጽሔታችንም ለሽያጭም ይሆናል፣ ሻጮቹም ጥቂት ይክፈሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚሁ አዳራሽ መስኮቱ አጠገብ እገኛለሁ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ አንዳንድ ነጭ ነጠላ ይዛችሁ ኑ። የካዛንቺስ ፎቶ ያላችሁም ሳታጠፉት አምጡልኝ፤ የደበዘዘውንም ጭምር።