ጉልህና ጠባብ ፊደል በመርሳ አውራ መንገድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ፊደል ቅርጽ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በአሳቤ አስቀድማ የመጣችው መርሳ ናት። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። የመንገዱ ዳር ሱቆች ግንባራቸው ጠባብ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ግን በዚያች ጠባብ ቆርቆሮ ላይ ብዙ ቃል እንዲሰፍርላቸው ይሻሉ፤ ጽሑፉም በመኪና ለሚያልፍ መንገደኛ ከሩቅ መታየት አለበት። ስለዚህ እኛ ታፔላ ጸሐፊዎች ፊደሉን ወደ ላይ አስረዘምነው፤ ከጎኑ አጠበብነው፤ እግሩንም አወፈርነው። ጠፍጣፋ ቡሩሽ ለክብ ስለማይመች ክቡን ሁሉ በማዕዘን ተካነው። ማንም አላስተማረንም።

ማዕዘኑና ውፍረቱ ግን የእኛ ፈጠራ አልነበረም። በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የዚያ ገዳም ቅርስ ነው። የዚያ ዘመን የብራና ጽሕፈት ማዕዘኑ የጎላ፣ ከአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ ብዙም ያልራቀ ነበር። የኋላ ጸሐፊዎችም ትልቁንና ወፍራሙን «ጉልህ»፣ ደቃቁን «ረቂቅ» ብለው ለይተውታል። ፊደላችን እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ተብሎ የተከፈለ ስላልሆነ፣ የብራና ጸሐፊ ስመ አምላክን ወይም አርእስቱን ለይቶ ለማሳየት ቀይ ቀለም ያነሣ ነበር። ጋዜጣ በአንድ ጥቁር ቀለም ሲታተም የቀዩን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አስፈለገ፤ እርሱም የፊደሉ ጉልህነት ሆነ። በእኛ ዘንድ የአርእስት ፊደል ጌጥ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

የቀረው ጥበቱ ነው፤ መከራውም ያለው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆፍሪ ሊ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኢምፓክት» የተባለው ፊደል ጥቅጥቅ ያለና ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት፣ በአንዲት ጭረት ወይም በአንዲት ቀለበት ነው። ቢ በእግሩ ጫፍ ጭረት አለው፤ ቤ በዚያው ቦታ ቀለበት አለው። ቀለበቷ በቀለም ከተደፈነች ቤ ቢ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በመርሳ መንገድ ደግሞ «ቤት» የሌለበት ታፔላ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ወፍጮ ቤት።

ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ለአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ጻፍሁ፤ በውፍረቱም እኮራ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ከሥሩ ቆመው በጣታቸው እየጠቆሙ ፊደሉን አንድ በአንድ ሲያነቡ አየኋቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ «ቢ... ት» አሉና ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ቢት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «እማማ፣ ቤት ነው» አልኋቸው። «ይቅር በለኝ፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ መች በወጉ አወቅሁት» አሉ። ያነበቡት ግን በትክክል ነበር። ቀለበቷን የደፈንሁት እኔ ነኝ። ፊደል የቆየ ሰው የቃሉን መልክ አይቶ ያልፋል፤ ገና የተማረ ሰው ግን የጸሐፊውን ስሕተት በራሱ ላይ ያስቆጥራል።

ከዚያ ወዲህ ቀለበቷን ሠርቼ ሳልጨርስ እግሩን አላወፍርም። ክብ መሆኗን ትቼ እንደ ምስር ክክ ሳይሆን እንደ ተከፈተ ማዕዘን እሠራታለሁ፤ ውስጧም ቢያንስ የእግሩን ውፍረት ግማሽ ያህል ክፍት ይሆናል። ጥበቱ ግን ሁሉንም አይጎዳም። ፊደሉ ሲረዝም በአብዛኛው ካዕቡና ሣልሱ ይበልጥ ይለያያሉ፤ የቡ ጭረት በወገብ፣ የቢ ጭረት በእግር ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። ራብዑ ሳ የግራ እግሩ፣ ሳብዑ ሶ የቀኝ እግሩ ሲያጥር ከሩቅ ይታያል። የሚከፍለው ኃምሱ ነው።

የከተማይቱ ስም ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። መ ሁለት ክብ ጎን ለጎን የያዘ ስለሆነ ስፋት ይፈልጋል፤ ር አንድ እግር ብቻ ነው። ለሁሉም እኩል ቦታ የሰጠ ሰው መን ያጠቁረዋል፤ ርን ደግሞ በባዶ ሜዳ ያቆመዋል።

ዛሬ ታፔላው በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ በባነር ይታተማል። ለመጽሐፍ የተሠራውን ፊደል ከጎንና ከጎኑ ይጨምቁታል። በዚህ ጊዜ ቋሚ እግሮቹ ይቀጥናሉ፤ አግድሞሽ መስመሩ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ይኸውም ትርጉም የሚሸከመውን እግር ማክሳት ነው። ኮምፒዩተሩን አልወቅስም፤ የእኛም ቡሩሽ ኃጢአት አለበት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተሳለ ጠባብና ጉልህ ፊደል በየከተማው ሊያገለግል ይችላል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹም አሉ። ሥራው የአንድ ሰው አይደለምና ማኅበራችን እንዲይዘው እለምናለሁ።

እኔ የሳልኋቸውን በወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ተመልከቷቸው፤ በእርሳስም አርሟቸው። ሦስት እግር ያላቸው ሐ እና ጠ በመጠኑ ተሳክተውልኛል። ጨ ግን ከሦስቱ እግሮች በታች ቀለበት ስለሚጨምር እስካሁን አልተገራልኝም፤ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ደግሞ ታፔላውን ከፋሲካ በፊት ይፈልገዋል።