ታክሲ ደረሰኝ አይሰጥም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት የአባሎቻችን ሦስት ሴት ልጆች በከተማችን በአንድ ሙዚየም በተዘጋጀ የሕፃናት የሥዕል ካምፕ ለ15 የሥራ ቀናት የተግባር ልምምድ ወጥተው ነበር። ሁለቱ ጨረሱ፤ አንዷ በሁለተኛው ሳምንት አቋረጠች። የምናገረው ስለ እሷ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ በሥዕል ምን አገባት የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ልምምዱ ሕፃናት ሲጫወቱ መመልከት የሚመስለን አለን። ተለማማጇ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ ወረቀት ትቆርጣለች፣ እርሳስ ትቀርጻለች፣ ስም ትመዘግባለች። ቅርስ ባለበት ክፍል የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም አይገባም። የቀለምና የሸክላ ጭቃ ሥራ በረንዳ ላይ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ በረንዳውም ራሱ ጭቃ ነው። ማታ ብሩሽ ታጥባለች፤ እያንዳንዱን ሕፃን ሊወስደው ለመጣ ሰው አስፈርማ ታስረክባለች። ይህ ከገንዘብ ያዥነት አያንስም፤ እንዲያውም ይብሳል።

ከሁሉም የከበደን ግን እጅን መሰብሰብ ነው ይላሉ ልጆቻችን። አንድ ቀን ሕፃናቱን ድንቅነሽን ሊያሳዩ አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰዷቸው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ማለቴ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ ሕፃናቱ አጠገቧ እየቆሙ ተለካኩ። ከአፅሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው፤ ለሕዝብ የሚታየውም ቅጂው ነው። ታዲያ አንዲት ሕፃን የጎደለውን አጥንት ሁሉ ከራሷ ሞልታ፣ ነጠላም አልብሳ ሣለቻት። አጠገቧ የነበረችው ተለማማጅ እርሳሱን ተቀብላ አላረመችም። «የጎደለው ይህን የሚመስል ለምን መሰለሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ሕፃኗም ረጅም ታሪክ አወራቻት። እንዲህ መጠየቅን በአንድ ሳምንት የተማረችው ይህች ልጅ ናት ያቋረጠችው።

ከቤቷ ሙዚየሙ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው፤ መመለሻውም ሁለት። በቀን 4፣ በ15 ቀን 60 ጉዞ። እናቷ ጉልት ነው የምትነግደው፤ ክረምት ሲገባ ገበያው እንዴት እንደሚሆን እዚህ ያለን እናውቀዋለን። ጥቂት ቀን ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄደች። ዝናቡ ሲበረታ ቀረች። ሙዚየሙ ለተለማማጅ አይከፍልም። የእኛ በጀት የትራንስፖርት ወጪ የሚተካው ደግሞ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ደረሰኝ አይሰጥም። ቢሰጥም እንኳ መጀመሪያ ከኪሷ መክፈል ነበረባት፤ ኪሷ ውስጥ የሌለውን ነው የምንተካላት።

ደጋፊዎቻችን ማስረጃ መጠየቃችሁ ትክክል ነው፤ እኔም ያለ ሰነድ ገንዘብ አላወጣም። የምጠይቀው የሰነዱ ዓይነት እንዲለወጥ ነው። ቁርጥ ያለ የቀን አበል ይወሰን፤ በየሳምንቱ ሰኞ በቅድሚያ ይከፈል። ልጆቹ በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ይፈርሙ፤ የሙዚየሙ የመገኛ መዝገብ ቅጂ ከሱ ጋር ይያያዝ። ያልተገኘችበት ቀን ካለ ከሚቀጥለው ሳምንት ይቀነሳል። ገንዘቡ ለማን እንደደረሰና ለምን እንደዋለ ከዚህ ይታያል። እንዲህ ካልሆነ ልምምዱ ወላጅ በመኪና የሚያደርሳቸው ልጆች ብቻ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ የእኛን ማኅበር አያስፈልጋቸውም።

ለሦስት ልጆች 180 ጉዞና 45 ምሳ ነው። ያቋረጠችውን ልጅ አነጋግሬያታለሁ፤ ለመጪው ክረምት ትመዘገባለች። ምዝገባው ሰኔ ላይ ስለሆነ ጉባኤው ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።