ከአጥሩ በፊት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አየር ንብረት ለውጥ በየስብሰባው ብዙ ይባላል። አርሶ አደሩ ግን ነገሩን የሚያውቀው በማሳው ነው። በልጉ ዘግይቶ ይገባል፣ ክረምቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሲጠበቅ የቀረው ዝናብ ደግሞ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር ተያይዞ የደረሰው ድርቅ በሀገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ ዳርጓል። እንዲህ ያለው ዓመት ሲመጣ ማኅበር ምን ሠርቶ ይጠብቀዋል?

በወላይታ ዞን የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ ጥሩ አብነት ነው። ተራሮቹ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተራቁተው ነበር፤ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ወደ ታች ይወርዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ነዋሪዎቹ ከወርልድ ቪዥን ጋር በመተባበር 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ ጀመሩ። ሥራው በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም። የተቆረጡት ዛፎች ሥሮቻቸው በሕይወት ስለነበሩ ጉቶው ሲጠበቅ አቆጠቆጠ። ከዚያ በኋላ ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹን መርጦ ማስቀረት፣ የቀሩትን መግረዝ ነው። (የችግኝ ቁጥር ሪፖርት ለሚያደርግ ጽሕፈት ቤት ይህ ሐሳብ ትንሽ ይከብዳል፤ ያልተተከለ ዛፍ በየትኛው ሠንጠረዥ ይገባል?)

ደኑን እንዲያስተዳድሩ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የመሬቱ የተጠቃሚነት ማረጋገጫም ለእነርሱ ተሰጠ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ባለው የካርቦን ንግድ አሠራር ተመዘገበ። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ሲገመት፣ ከዚህ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ውል ገባ። የመጀመሪያው ክፍያ በ2003 ዓ.ም. ደረሰ።

ይህን የሰማ ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ካርቦኑ ገንዘብ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ነው። ተራራ ሲከለል ከሰል ሸጦ የሚያድር ሰው ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል። ሁለት ፍየል ያላት እማወራ የምታሰማራበት ታጣለች። በሬና መሬት ያለው አባል እጁን አውጥቶ ድምፅ ሲሰጥ እምብዛም የሚጎድልበት ነገር የለም። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ክለላውን ከማጽደቁ በፊት በመተዳደሪያ ደንቡ የሚወስነው ነገር አለ፤ ሣሩን አጭዶ በመውሰድ ማን ይቀድማል? የጥበቃው ሥራ ለማን ይሰጣል? ይህ ካልተወሰነ አጥሩ ሌሊት ይፈርሳል፤ አፍራሹም ሌባ ሳይሆን የተቸገረ ጎረቤት ነው።

ሌላው ጉዳይ የመጠባበቂያ ዘር ነው። የበቆሎው ቡቃያ በዝናብ እጥረት ሲጠወልግ ቶሎ የሚደርስ ቦሎቄ ወይም ጤፍ መልሶ መዝራት ይቻላል፤ በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ በክረምቱ መውጫ ሽምብራ አለ። ለዚህ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ለዞን ደብዳቤ የጻፈ ማኅበር ዘሩ የሚደርሰው እርጥበቱ ካለቀ በኋላ ነው። ዘሩ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት። የቦሎቄና የሽምብራ ጠላት ነቀዝ ነው፤ በደንብ የደረቀውን እህል አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ነቀዙን አፍኖ ይገድለዋል፣ መድኃኒትም አያስፈልግም። በየዓመቱ ያልተፈለገው ዘር ተሽጦ በአዲስ ይተካል።

የዘሩ ገንዘብ ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ የሚነሳ በመሆኑ የአባላቱን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ ተሸሽጎ ሳይሆን በጉባኤ ፊት ተነግሮ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ ተነብቦ መሆን ይገባዋል። ከወረዳው የሚጠበቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የተራራው የተጠቃሚነት ማረጋገጫ ከአጥሩ በፊት ይሰጥ።