ስንት አመጣህ?
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ በኢዮቤልዩ ዓመት የተሸጠ ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑና ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። በዓሉ የሰውን ዋጋ የሚያስታውስ ነውና፥ ዋጋ የለኝም ስለሚለው ወጣት ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

ለዚህ ነገር ቅዱስ ያሬድ ምስክር ይሁነን። ይህ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረ የአክሱም ልጅ በ7 ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ እናቱም ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው። መምህሩ ቢገርፈው ኮብልሎ ሄደ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ደጋግማ ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ስትወጣ አየ። ተመልሶም ይቅርታ ለመነ።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስንነግር ስለ ትሊቱ ብዙ እንላለን፤ ስለ ጌዴዎን ግን ዝም እንላለን። ትሊቱ ተስፋን አሳየችው እንጂ ዳዊትን አላስተማረችውም። የኮበለለውን ልጅ መልሶ የተቀበለውና ያስተማረው ያው አጎቱ ነው። ያሬድን ለዚያ ማዕርግ ያበቃው ዱላው ሳይሆን ይቅርታው ነው።

ከዚህም በኋላ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ቤተ ክርስቲያንን አስጌጠ። ንጉሡ ገብረ መስቀል የወደድኸውን ለምነኝ ቢለው፥ ሹመትን ትቶ ምናኔን መረጠ፤ መጥቶም የተቀመጠው በዚሁ በሰሜን ተራሮች እንደ ሆነ አባቶች ይነግሩናል። በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ መሆኑን ያወቀ ሰው ክብሩን ከንጉሥ አይለምንምና።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ አባታቸውን ያጡ ልጆች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፥ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 4 አልሞሉም። ሌላውም ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ይሄዳል። ከፈተናም ቢመለስ፥ ከቆላም ቢመለስ፥ የምንጠይቀው አንድ ነው፤ ስንት አመጣህ? እንለዋለን።

የሰው ዋጋ ግን ካመጣው ነገር ይቀድማል። በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል፤ በ40 ቀኑ ተጠምቆ ልጅነትን አግኝቷል። ነገር ግን ይህን ብቻውን ሊያምነው ይቸግረዋል፤ በሥራ የሚያሳየው ሰው ያሻዋል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ሳለ፥ ያለ መሪ ሊያስተውል እንደማይችል ለፊልጶስ ነግሮታል።

ልማዱስ አለን። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ከአገሩ ሲወጣ፥ የኔታ ልጄ ብለው ይቀበሉታል፤ መንደሩም ቁራሽ ይሰጠዋል። ይህን ልማድ ለአብነት ትምህርት ቤት ብቻ አንተወው። በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ያላችሁ አባቶች ሆይ፥ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ያዙ። ገበሬው ወደ እርሻው፥ አናጢው ወደ ሥራው፥ ካህኑ ወደ ማሕሌቱ ይጥራው። ቢሳሳት ገሥጹት፤ ቢኮበልል ፈልጉት፤ ቢመለስ ስንት አመጣህ ሳትሉ ተቀበሉት። እናንተም ወጣቶች፥ ለመመለስ አትፈሩ፤ ይቅርታ መለመን ያሬድን አላሳነሰውም።

ለዚህ በዓል ያደረሰን አምላክ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።