ቅርጽን ከቅርጽ ስለ ማዋሐድ



የጂኦግራፊ መምህር ከአዲስ አበባ እስከ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ያለውን የአየር ጉዞ በካርታ ላይ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ሲነሣ፣ በመስመሩ ላይ የሚያኖረው የአውሮፕላን ሥዕል ያስፈልገዋል። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሥዕል ቢወስድ ሥራው በቶሎ ያልቃል፤ ተማሪው ግን ከማየት በቀር የሚያተርፈው የለም። መምህሩ በፓወርፖይንት ላይ ለአካሉ ሞላላ ክብ፣ ለክንፉና ለጭራው ሦስት ማዕዘኖችን ሥሎ በተማሪዎቹ ፊት ቢያዋሕዳቸው ግን አውሮፕላኑም ይገኛል፤ ትምህርቱም ይገኛል።

በመጀመሪያ ማቧደንና ማዋሐድ ሊለዩ ይገባል። የተቧደኑ ቅርጾች አብረው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ጠርዛቸውን እንደ ያዙ ይኖራሉ፤ ክንፉ በአካሉ ላይ ያረፈበት መስመር ይታያል። የተዋሐዱት ግን በአንድ ጠርዝ የተከበቡ አንድ ቅርጽ ይሆናሉ።

«መርጅ ሼፕስ» የተባለው ክፍል በፓወርፖይንት 2013 አምስት ትእዛዛት አሉት። ትርጉማቸውን በቁጥር መግለጽ ይሻላል። ቁመታቸው 12፣ ወርዳቸው 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች መካከል ለመካከል እንደ መስቀል ይደራረቡ። የእያንዳንዱ ስፋት 48 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። «ዩኒየን» ሁለቱን ሲያዋሕድ ስፋቱ 96 ሳይሆን 80 ይሆናል፤ የጋራው 16 ሁለት ጊዜ አይቆጠርምና። «ኮምባይን» የጋራውን ክፍት አድርጎ 64 ይተዋል። «ኢንተርሴክት» የጋራውን 16 ብቻ ያስቀራል። «ሰብትራክት» በፊት ከተመረጠው ላይ ሁለተኛውን ቀንሶ 32 ያስቀራል። «ፍራግመንት» ደግሞ መስቀሉን በአምስት እኩል ካሬዎች ይከፍለዋል።

በመቀነስ ጊዜ የአመራረጡ ተራ ቢገለበጥ ውጤቱም ይለወጣል፤ በግራና በቀኝ ይቀሩ የነበሩት ካሬዎች በላይና በታች ይቀራሉ። ስለዚህ ተማሪው ትእዛዙን ከመጫኑ አስቀድሞ ሁለት ወረቀት ቆርጦ ይደራርብ፤ የሚቀረውንም ስፋት በደብተሩ አስልቶ ይጻፍ። ኮምፒውተሩ መልሱን ያረጋግጥለት እንጂ በእርሱ ፈንታ አያስብለት።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጠራቢዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም፤ የማያስፈልገውን ቀነሱ እንጂ። አንድ ጊዜ የተቈረጠው አለት ወደ ቦታው ስለማይመለስ፣ ከመሮው በፊት አሳብ መቅደም ነበረበት።

ኮምፒውተር ግን የተሳሳተውን ሥራ ወዲያው መልሶ ያስተካክላል። ይህ ምቾት ሳያስቡ መጫንን እንዳያስለምድ መጠንቀቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። ጣቱ ከአሳቡ የሚቀድም ተማሪ ሥዕል ያገኛል፤ አሳቡ ከጣቱ የሚቀድም ግን ዕውቀት ያገኛል።