የራስጌ ምስል ምስክርነት፦ ፎቶግራፍን ለድረ ገጽ የማዘጋጀት ሥራና የእርማት ወሰን

(ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ተቋም ድረ ገጽ አናት ላይ በአግድም የሚዘረጋው ሰፊ ፎቶግራፍ፣ ማለትም የራስጌ ምስል፣ እንዴት ይዘጋጃል? ምን ያህልስ ሊነካካ ይገባዋል? ብዙውን ጊዜ ይህ ሥራ ኮምፒውተር ለሚያውቅ አንድ ወጣት ባልደረባ ይሰጥና በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል። ይሁን እንጂ ያ ምስል ተቋሙ ስለ ራሱ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። ከሩቅ ወረዳ ሆኖ የት እንደሚማር የሚያስብ ወጣት፣ ግቢውን በእግሩ ከመርገጡ አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው። አይቶም ይወስናል።

መከራከሪያዬ ባጭሩ ይህ ነው። የራስጌ ምስል ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ምስክርነትን ማጥራት ይቻላል፤ ቃሉን መለወጥ ግን አይቻልም። አስቸጋሪው ነገር በማጥራትና በመለወጥ መካከል ያለውን ወሰን መለየት ነው። ወሰኑም የሚታወቀው በጠቅላላ መርሕ ሳይሆን በሥራው ደረጃዎች ውስጥ አንድ በአንድ በማለፍ ነው።

ለውይይት እንዲመቸን አንድ ፎቶግራፍ በሐሳባችን እንያዝ። የምረቃ ቀን ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ጥቁር ገዋን የለበሱ ተመራቂዎች ቆመዋል። በቀኝ ዳር ነጭ ነጠላ የለበሱ ወላጆች ይታያሉ፤ በግራ ዳር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ትመለከታለች። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰማዩን ያቋርጣል። ከታች ሣሩ ላይ አንድ ፌስታል ወድቋል። የሕንጻው ግድግዳ በአንድ በኩል ልስኑ ተሰንጥቋል።

የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ ነው። በአማርኛ ለመታወቂያና ለምዝገባ የምንጠየቀውን ፎቶግራፍ «ጉርድ» እንለዋለን። ቃሉ ራሱ የምናሳየው ከሙሉው ሰው ተቆርጦ የተረፈውን መሆኑን ይነግረናል። የራስጌ ምስልም ጉርድ ነው፤ የሚጎርደውም ከምናስበው በላይ ነው። አሁን ያሉ ብዙ ካሜራዎች የሚያነሡት ፎቶግራፍ ስፋቱና ቁመቱ 3 ለ2 በሆነ ምጥጥን ነው። ፎቶግራፋችን 6000 በ4000 ፒክስል ነው እንበል። የራስጌው ቦታ ደግሞ 1920 በ600 ቢሆን፣ ሙሉውን ስፋት ብንጠብቅ እንኳ ከ4000ው ቁመት የሚተርፈን 1875 ብቻ ነው። ከምስሉ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። በዚህ አያበቃም። ያው ራስጌ በስልክ ሲከፈት ወደ አራት ማዕዘን ይጠጋል። በስልኩ ላይ 390 በ300 ሆኖ እንዲታይ ከተደረገ፣ ድረ ገጹ ግራና ቀኙን ራሱ ይቆርጠዋል፤ ተመልካቹ የሚያየውም ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንድ አምስተኛ ያልሞላውን ነው። በአገራችን ደግሞ ብዙው ሰው ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልክ ነው።

እንግዲህ በዳር የቆሙት እነማን ነበሩ? ወላጆቹና የጽዳት ሠራተኛዋ። ማንም ይውጡ ብሎ አልወሰነም፤ ቅርጹ አስወጣቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው ያልወሰነው ነገር አልተወሰነም ማለት አይደለም። አዘጋጁ ምስሉን በሰፊውም በጠባቡም ገጽታ አይቶ፣ የትኩረት ነጥቡን ራሱ መወሰን ይኖርበታል። ከዚያም በላይ፣ ለራስጌ ታስቦ የሚነሣ ፎቶግራፍ ገና ሲነሣ ከላይና ከታች ትርፍ ቦታ እንዲኖረውና ዋናው ጉዳይ ወደ መሐል እንዲሰበሰብ ቢደረግ፣ በኋላ የሚመጣው ፈተና በእጅጉ ይቀላል።

የቅርጽ ግፊት ምን ያህል ኃይል እንዳለው አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳየናል። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. እትሙ ሽፋን ላይ የጊዛን ፒራሚዶችና በፊታቸው የሚያልፉ ግመለኞችን አወጣ። ፎቶግራፉ የተነሣው በአግድም ነበር፤ የመጽሔቱ ሽፋን ግን ቁም ነው። ሁለቱ ፒራሚዶች በጠባቡ ሽፋን አብረው እንዲታዩ በኮምፒውተር አቀራረቧቸው። ማንንም ለማታለል የተነሣ አልነበረም፤ ቦታ ጠበበና ምስሉን ለቦታው አበጁት። ነገሩ ሲታወቅ ግን ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ እስከ ዛሬም በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መቁረጥ «ከዚህ ውጭም ነበር» የሚል እድል ለተመልካቹ ይተዋል፤ ማቀራረብ ግን ያልነበረን ቦታ ይፈጥራል። ስለዚህ ወሰኑ በዚህ ደረጃ ላይ እንዲህ ነው፤ ቁረጥ፣ ነገር ግን የቀረውን አታንቀሳቅስ። ሕንጻውን ለመሙላት ብሎ በአግድም መለጠጥም ከዚሁ ወገን ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብርሃንና ቀለም ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚታየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። በቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ በበዛበት ሥፍራ ይህ ግምት ይሳሳትና ፊቶች ይጨልማሉ። ያልተማረ እጅ ምስሉን በሙሉ ያደምቀዋል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ጥለቱና ሽመናው ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ የጨለመውን ክፍል ብቻ ለይቶ፣ የፊቱ ቅርጽና የዓይኑ አገላለጽ እስኪታይ ድረስ በጥቂቱ ማንሣት ነው። ይህ ማጥራት ነው፤ በዚያ የነበረ ሰው ዓይኑ ያየውን ይመልስልናልና።

ነገር ግን ከዚሁ መሣሪያ ጎን ሌላ ልማድ ቆሟል። በስልኮቻችን ያሉ የማሳመሪያ ፕሮግራሞች ቆዳን ያለሰልሳሉ፣ ያቀላሉ። ጠይሟ ቀይ፣ ጥቁሩ ጠይም ሆኖ ይወጣል። ይህ ዝንባሌ ከስልክ የተጀመረ አይደለም። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የኮዳክ ማመሳከሪያ ነበር፤ በካርዱ ላይ የምትታየው ሴት ነጭ ነበረች። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንዳሳየችው፣ ፊልሙ ጥቁር ቡናማ ቀለሞችን በደንብ እንዲለይ ለመሻሻሉ አንዱ ገፊ ምክንያት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነበር። የሰው ፊት ያላስገኘውን ጥንቃቄ ሸቀጥ አስገኘው። በተቃራኒው ደግሞ ታይም መጽሔት በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. በነፍስ ግድያ የተከሰሰውን የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶግራፍ አጨልሞ በሽፋኑ አወጣ፤ ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶግራፍ ሳይነካው በዚያው ሳምንት አውጥቶ ስለ ነበር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሁሉ ልዩነቱን ተረዳ። ማቅላትም ማጥቆርም ፍርድ ነው። የእኛ መመሪያ እንግዲህ ይህ ይሁን፤ ፊቱ ይታይ፣ መልኩ ግን የባለቤቱ ይሁን።

ሦስተኛው ሥራ ማጽዳት ነው። በቋንቋችን «ማንሣት» የሚለው ግሥ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይይዛል። ሰውን በካሜራ ማንሣት ምስሉን ማስቀረት ነው፤ ዕቃን ከቦታው ማንሣት ግን ማስወገድ ነው። ሬታች የሚያደርግ ሰው በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ይሠራል። ሥራው አዲስ አይደለም። በቀድሞዎቹ ፎቶ ቤቶች በኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊት ጠባሳ ይጠፋ ነበር፤ ጥቁርና ነጩም ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር። ሆኖም ያ የደንበኛው የግል ፎቶ ነበር፤ ደንበኛው ስለ ራሱ መልክ ራሱ ያዘዘው ነው። የተቋም ምስል ግን ስለ ብዙዎች ይናገራል።

ወደ ምረቃው ፎቶግራፍ እንመለስ። በካሜራው ሴንሰር ላይ የነበረ አቧራ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ከሆነ፣ እርሱን ማጥፋት አያከራክርም፤ ነጥቡ በመሣሪያው እንጂ በዓለም አልነበረም። ፌስታሉስ? ነፋስ ያመጣው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይኖርም። እኔ ብፈቅደውም፣ ከሁሉ የሚሻለው ከመነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ግን በቋሚነት አለ። የተሰነጠቀው ልስን አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ አለች። ነፋስ ባመጣውና ጸንቶ በቆመው መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ጥሩ መለያ ነው። ስንጥቁ ካሳፈረን ልስኑን እንጠግን፤ ምስሉን መጠገን ግን ለሚመጣው ተማሪ የሌለ ግድግዳ መስጠት ነው። ነገሩ ከግድግዳ ባለፈ ይከብዳል። ደረጃ ብቻ ያለውን መግቢያ አሳምሮ፣ ወይም ያልተጠናቀቀ ሕንጻ እንደ ተጠናቀቀ አድርጎ ማሳየት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተማሪን ሕይወት ይነካል።

የዜና ተቋማት በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ከአንድ ፎቶ ጋዜጠኛ ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ምክንያቱም በሶርያ ካነሣው ምስል ጥግ የሥራ ባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ አጥፍቶ ነበር። ካሜራው ለዜናው ምንም አይጨምርም ይባል ይሆናል። ተቋሙ ግን ያየው ከዚያ ያለፈውን ነው፤ አንድ ጥግ ከተነካ ተመልካቹ ሌሎቹን ጥጎች የሚያምንበት ምክንያት የለውም።

አራተኛውና አደገኛው መጨመር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በማዲሰን የአመልካቾች መጽሔት አሳተመ። በሽፋኑ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ የሚመለከቱ ደስተኛ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር ተማሪ ነው። ተማሪው በእርግጥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበር፤ በጨዋታው ሥፍራ ግን አልነበረም። ፊቱ ከሌላ ፎቶግራፍ ተወስዶ በነጮቹ ተመልካቾች መካከል ገብቷል። ነገሩ ሲጋለጥ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽፋኑም ተቀየረ። አዘጋጆቹ ያሰቡት መልካም ነበር፤ ልዩ ልዩ ወገኖች የሚገኙበትን ግቢ ማሳየት ፈልገው ነበር። ነገር ግን ምስሉ የተመኙትን እንደ ተገኘ አድርጎ መሰከረ። የጎደለውን በምስል የሚሞላ ተቋም፣ በእውን እንዲሞላው የሚገፋፋውን ኃፍረት ራሱ ያጠፋዋል።

ይህ ጉዳይ በእኛ ሕግም ሥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ከፈቃድ ነጻ የሚሆኑ ሁኔታዎችን ሲዘረዝር፣ ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም የሕዝብን ጥቅም ከሚመለከት ሁነት ጋር የተያያዘ ሲሆን ይጨምራል። የምረቃ ፎቶግራፍ በዚህ ሊጠለል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መጠለያው የቆመው ሁነቱ በእርግጥ በመደረጉ ላይ ነው። ሰው ከሌላ ምስል አምጥተን ስንጨምር ያ ሁነት አልተደረገም፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት መጠለያውም ይፈርሳል። ለመነሣት መፍቀድም ለመለወጥ መፍቀድ አይደለም።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች የጎደለውን ሰማይ፣ ዛፍና ሰው በጥቂት ሰከንድ ይሞላሉ። ቀድሞ ችሎታና ድካም ያግዱት የነበረውን ነገር አሁን የሚያግደው የአዘጋጁ ሕሊናና የተቋሙ ደንብ ብቻ ነው። ለሰፊው ራስጌ ጎኖቹ አልበቃ ሲሉ «ሙላው» ማለት እጅግ ይቀላል፤ ያ ግን በኮምፒውተር የተቀራረቡት ፒራሚዶች ታሪክ ነው።

ስለ ቀሪው ቴክኒክ በአጭሩ ላንሣ። ርእሱን በምስሉ ላይ መጻፍ ሲያስፈልግ፣ በፊደሉና ከበስተኋላው ባለው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ1 እንዲሆን ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያዝዛል። ለዚህ ሲባል ከፊደሉ ሥር ቀጭን ጥላ ማንጠፍ ፎቶግራፉን አይዋሽበትም፤ ጥላው ግን በሰው ፊት ላይ አይውደቅ። ጽሑፉም በምስሉ ውስጥ አይቀረጽ፤ ለብቻው ቢቀመጥ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራም ያገኘዋል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስም ይመቻል። የፋይሉ ክብደትም ይቀነስ፤ የተማሪው የሞባይል ዳታ የእኛ ገንዘብ አይደለም።

በመጨረሻ ለፋኩልቲው ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ያልተነካው ዋና ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ይቀመጥ፤ እርማቱ ሁሉ በተለየ ሌየር ላይ ይሠራ፣ ማንም ሊመልሰው እንዲችል። ሁለተኛ፣ ምን እንደ ተቆረጠ፣ ምን እንደ ደመቀ፣ ምን እንደ ጠፋ በጥቂት መስመር ይመዝገብ። ሊጻፍ የሚያሳፍር እርማት ሊሠራ የማይገባው ነው። ሦስተኛ፣ ምስሉ ከመለጠፉ በፊት በውስጡ ላሉት ሰዎች ይታይ፤ ለተመራቂዎቹ ብቻ ሳይሆን በግራ ዳር ለቆመችውም። እዚያ የነበረ ሰው አይቶት «አዎ፣ እንዲህ ነበር» ካለ፣ ሥራችን ማጥራት ሆኖ ተጠናቋል። «ይህ የእኛ ግቢ አይደለም» ካለ ግን ምንም ያህል ቢያምር ሊለጠፍ አይገባውም።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።