ሳላዲን ሰይድና የሸሪካት ልጆቻችን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ለወጣቶች የሚጠቅም ነገር ተናገሩ ብሎ ሲያዘን ተጨንቀን ነበር። እኛ ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። በኋላ ግን በቤታችን ብዙ ያነጋገረን ጉዳይ ትዝ አለንና፣ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ሕይወት እንናገር አልን።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ሱቃችንን በጊዜ ዘግተን፣ ጄኔሬተሩን ነዳጅ ሞልተን፣ ቴሌቪዥኑን ከበን ተቀመጥን። ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሷል። አዲስ አበባ ላይ ግን አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጭ ያገባናቸው 3 ጎሎች አሳለፉን። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳች አገር ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ደቡብ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ አብረውን ጨፈሩ። የ6 ዓመቱ ልጃችን ያኔ ትከሻችን ላይ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙን ሲጠይቁት «ሳላዲን» ይል ጀመር።

ዐሥር ዓመት አለፈ። ልጁ 16 ሲሞላው ትምህርቱን ትቶ ኳስ ብቻ ልጫወት አለን። እኛም «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ብለን ተቆጣን፤ ጫማውንም ደበቅንበት። በዚህ መሀል አንድ ደላላ ቤታችን መጣ። ውጭ አገር ክለብ እንዳገኘለት ነግሮን፣ ለጉዞና ለወረቀት 3,000 ዶላር ጠየቀን። እውነቱን ለመናገር ልባችን ተከፈለ። ከክረምቱ በፊት ዕቃ የምናስገባበትን ገንዘብ አውጥተን ቆጠርነው። እናቱ ናት ያዳነችን። «የክለቡን ደብዳቤ አሳየንና እንከፍላለን» አለችው። ነገ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

ገንዘቡ ቢተርፍም ልጁ አኮረፈን። ዕድሌን ዘጋችሁብኝ ብሎ አንድ ወር ሙሉ በወጉ አላነጋገረንም። ያን ጊዜ ነው ቁጣውን ትተን የሚወደውን ሰው ታሪክ አንድ በአንድ አብረን የተመለከትነው።

ሳላዲን በአንድ ሌሊት ካይሮ አልገባም። መጀመሪያ ለሙገር ሲሚንቶ ተጫወተ፤ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ። አገር ቤት ጎል እያገባ ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የግብፁ ዋዲ ደግላ ወሰደው። ከዚያም በውሰት ቤልጅየም ሄዶ ለሊርስ ተጫወተ። በ2014 ትልቁ አል አህሊ አስፈረመው፤ በ2015 ወደ አልጄሪያ ተሻገረ። መንገዱን የከፈተለት በየሳምንቱ ሜዳ ላይ የታየው ሥራው ነው፤ ክለብ አይቶት ነው የፈለገው።

ሳላዲን የወደቀበትም ቀን አለ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ፍፁም ቅጣት ምት አገኘን። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። ሳላዲን መታ፤ በረኛው አዳነው። ትንሽ ቆይቶ የእኛ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎልም ገባብን። ቢሆንም በዐሥር ሰው ታግለን፣ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። አንዱ የሳተውን ሌላው ካሰው። ለልጃችን የነገርነው ይህንን ነው፤ ጎበዝ ማለት የማይስት አይደለም፤ ሲስትም የሚደግፈው ቡድን ያለው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የወረቀት ነገር ነው። በዚያው ዓመት ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰለፈ። ሜዳ ላይ አሸንፈን ነበር፤ ፊፋ ግን ውጤቱን ሰርዞ 3 ነጥብ ወሰደብን። ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን በጨፈርንበት ሰሞን ነው ይህ መርዶ የመጣው። እግዜር ይስጣቸው፣ ተጫዋቾቹ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱት። በመጨረሻ ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋን ቀረን። እናንተ የመኖሪያ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ የምታሳድሱ ወንድሞችና እኅቶች ይህ ይገባችኋል። ላብ ብቻውን አይበቃም፤ ወረቀቱን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የእግር ዕድሜ ነው። ሱቅ እስከ ሽምግልና ይዞ ይዘልቃል፤ ኳስ ግን አይጠብቅም። ሳላዲን ከአልጄሪያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመልሶ፣ ክለቡ በ2017 ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሲገባ አብሮት ነበር። ያንን ደረጃ ያየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ነው። ሲመለስ የሚቀበለው ቤት ነበረው ማለት ነው። ውጭ ሄዶ ስሙን ያስጠራ ሁሉ ግን የሚመለስበት አያገኝም።

በሰው አገር ለምናሳድጋቸው ልጆች ደግሞ አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ፉአድ ኢብራሂም ድሬዳዋ ተወልዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያደገ ልጅ ነው። በ2007 ገና በ15 ዓመቱ የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ክለብ መረጠው፤ ቀጥሎ ካናዳ ሄዶ ለቶሮንቶ ተጫወተ። ለአሜሪካ ታዳጊ ቡድን ተሰልፎ ነበር። በ2013 ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከሳላዲን ጋር በአንድ ቡድን፣ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ አየነው። ልጆቻችን አረብኛውንና እንግሊዝኛውን አቀላጥፈው አማርኛው ሲያስቸግራቸው እንሰጋለን። ፉአድን ስናይ ግን፣ ቤት ውስጥ የተዘራ ነገር እንደማይጠፋ ተጽናናን።

ልጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ወዲያው አልታረቀንም። «እናንተስ አጥፍታችሁ የለም ወይ? ኳስ እንጀራ አይሆንም አላላችሁም?» አለን። ልክ ነው፤ ሳላዲን እንጀራ በልቶበታል። ይቅርታ ጠየቅነው፤ ጫማውንም መለስንለት። ስምምነታችንም ይህ ሆነ፤ ጠዋት ትምህርት፣ ማታ ልምምድ። እሱም ቃሉን ጠብቆ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። ዛሬ ሱቅ ያግዘናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል። ተስፋውን አልጣለም፤ እኛም ጣለው አንለውም።

ለዚህ ለተከበረ ጉባኤ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ልጃችሁን ውጭ እናስጫውታለን የሚል ሰው ሲመጣ ማኅበሩ ሦስት ሰው መድቦ ወረቀቱን ይመርምርልን፤ ክለቡንም ራሱ ደውሎ ይጠይቅ። እንደኛ የምትጠይቅ እናት ያልነበረችበት ቤት ገንዘቡን ከፍሎ ይሆናል፤ አፍሮም ዝም ብሎ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለልጆቹ በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ እንከራይላቸው። ከየሱቃችን ጥቂት ፓውንድ ብናዋጣ ይበቃል። እኛ ቀድመን የራሳችንን ድርሻ ዛሬውኑ ለገንዘብ ያዡ እናስረክባለን።

በታኅሣሥ 2006 እና በሐምሌ 2008 ከተማይቱ ስትናወጥ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ አቅፎ ያደረበትን ሌሊት አንረሳም። ያኔ ልጆቻችንን ከጥይት ጠበቅን፤ አሁን ደግሞ ከደላላ እንጠብቃቸው።

ፈጣሪ አገራችንን ኢትዮጵያን፣ ያስጠጋችንን ደቡብ ሱዳንንም ሰላም ያድርግልን። ለሚቀጥለው በዓል በጤና ያድርሰን።